ወባን ለመግታት የመጨረሻዋን ትንኝ መግደል አያስፈልግም፦ የዶክተር ሮናልድ ሮስ ሂሳብ ለእርስዎ ቤት ምን ይነግራል?

በአንድ የጥቅምት ማለዳ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። የልጁ የደም ምርመራ ወባ እንዳለበት አሳየ። በሦስት ወር ውስጥ ሲታመም ሁለተኛው ነበር። መድኃኒቱን አዝዤ ስለ አጎበር መናገር ስጀምር አቋረጠችኝ። «ዶክተር፣ እኛ አጎበር እንሰቅላለን። ጎረቤቶቻችን ግን ግማሾቹ እህል ይሸፍኑበታል። ታዲያ የእኛ ብቻ ምን ዋጋ አለው?» አለችኝ።

ውጭ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ስለነበር «ዋጋ አለው፣ መስቀላችሁን አትተዉ» ብቻ ብዬ ሸኘኋት። መልሱ ትክክል ነበር፤ በቂ ግን አልነበረም። ጥያቄዋ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት አንድ ሐኪም ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠበት ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ይባላል። የወረርሽኝን ጉዞ በሂሳብ የማስላት ሙያ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ ሮስ ምን እንደሠራና ሂሳቡ ዛሬ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ምን እንደሚጠቅም ያብራራል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአጭሩ

• ወባ በአንድ አካባቢ እንዲቀንስ ትንኝ ሁሉ ማለቅ የለበትም። አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ከአንድ ያነሰ አዲስ ሕመምተኛ ካስከተለ በሽታው ራሱ እየከሰመ ይሄዳል።
• አጎበር፣ የቤት ውስጥ ርጭት፣ ፈጣን ምርመራና ሙሉ ሕክምና እያንዳንዳቸው ይህን ቁጥር ወደ ታች ይስባሉ። ሲደመሩ ውጤታቸው ይበዛል።
• ጥረቱ ሲቋረጥ ወባ ይመለሳል። ሕመምተኛ ሲቀንስ መዘናጋት አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው።

ሮናልድ ሮስ ማን ነበር?

ሮስ በ1857 ሕንድ ውስጥ አልሞራ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ሥር በነበረው የሕንድ ጦር ውስጥ ከፍተኛ መኮንን ነበሩ። ልጁ የሚወደው ግጥምና ሥዕል ቢሆንም አባትየው ሐኪም እንዲሆን ስለፈለጉ ለንደን ሄዶ ሕክምና ተማረ። በ1881 በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ተቀጠረ። እዚያ ሲሠራ በትርፍ ጊዜው ልብ ወለድ ይጽፍ፣ ሂሳብም ያለ አስተማሪ ራሱን ያስተምር ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ወባ ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር እንደሚመጣ ያምን ነበር። በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቨራን አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተውሳክ በሕመምተኛ ደም ውስጥ አየ። ተውሳኩ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1894 ሮስ ለንደን ውስጥ ከሐኪሙ ፓትሪክ ማንሰን ጋር ተገናኘ። ማንሰን ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ አሳየው፤ በዚህ ነገር ውስጥ ትንኝ ሳትኖርበት አትቀርም የሚለውን ግምቱንም አካፈለው።

ሮስ ወደ ሕንድ ተመልሶ ትንኞች የሕመምተኞችን ደም እንዲጠጡ ያደርግ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ከፍቶ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ጀመር። ለሁለት ዓመት ያህል የፈለገውን አላገኘም፤ ብዙዎቹ ትንኞች የሰውን ወባ የማያስተላልፉ ዝርያዎች ነበሩ። ኦገስት 20 ቀን 1897 ሴከንደራባድ በምትባለው ከተማ በአንዲት አኖፌለስ ትንኝ ሆድ ግድግዳ ላይ ተውሳኩን አየ። በቀጣዩ ዓመት ካልካታ ውስጥ በወፎች ወባ ላይ ሠርቶ፣ ተውሳኩ ወደ ትንኟ የምራቅ ዕጢ እንደሚደርስና በንክሻ ወደ ሌላ ወፍ እንደሚተላለፍ አሳየ። በዚያው ዓመት የጣሊያን ተመራማሪዎች የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ መሆኗን አረጋገጡ። ሮስ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኦገስት 20 እስከ ዛሬ የዓለም የትንኝ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ትንኟ ከታወቀች በኋላ የቀረው ጥያቄ

ጠላት ከታወቀ ማጥፋቱ ቀላል ይመስላል። ሮስም ያቆረ ውሃን በማፋሰስና እጭን በመግደል ወባን በፍጥነት መቀነስ እንደሚቻል አምኖ ሰበከ። ሆኖም ላሆር አጠገብ ሚያን ሚር በተባለ የጦር ሰፈር ውስጥ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ትንኝ የሚራባባቸውን ውሃዎች ለማጽዳት የተደረገው ሙከራ የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላሳየም። ተቺዎች ክርክራቸውን አጠናከሩ። ትንኝን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፣ ከአንዱ ቦታ ቢጠፉ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ድካሙ ከንቱ ነው የሚል ነበር ክርክሩ።

ልብ ካሉ ይህ ክርክር ያቺ እናት ካነሳችው ጥያቄ ጋር አንድ ነው፦ ሁሉንም ማድረግ ካልተቻለ የተወሰነውን ማድረግ ምን ይጠቅማል?

ሮስ ለዚህ በስሜት መመለስ እንደማይበቃ ገባው። ስንት ትንኝ ቢቀነስ ይበቃል? ምን ያህል ስፋት ያለው ቦታ ቢጸዳ ይበቃል? እነዚህ የቁጥር ጥያቄዎች ናቸው። በ1904 አሜሪካ ውስጥ ባቀረበው ንግግር ትንኞች ከተፈለፈሉበት ቦታ እንዴት እንደሚበተኑ በሂሳብ ለማሳየት ሞከረ። በ1907 መጨረሻ በሕንድ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ሞሪሸስ ደሴት ተላከ። ደሴቲቱ በ1860ዎቹ ወባ ገብቶባት ሕዝቧ ክፉኛ አልቆ ነበር። ሮስ እዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በ1908 ባወጣው ሪፖርት ውስጥ የወባን መተላለፍ የሚያሰላ ቀመር አካተተ። በ1910 «የወባ መከላከል» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1911ም በሁለተኛው እትም ሂሳቡን አስፍቶ አቀረበ።

ድምዳሜው ለዚያ ዘመን እንግዳ ነበር። የትንኞች ቁጥር ከአንድ ወሰን በታች ከወረደ፣ ትንኞች እያሉም ቢሆን ወባ እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል አለ።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

ቀመሩን ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ መደመርና ማባዛት ይበቃል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

በአንድ መንደር ውስጥ አንድ የወባ ሕመምተኛ አለ እንበል።

1. በሕመሙ ጊዜ 40 ትንኞች ይነክሱትና ተውሳኩን ይወስዳሉ።
2. ተውሳኩ በትንኟ ሰውነት ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ቀን በላይ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ትንኞች ከዚያ በፊት ይሞታሉ። ከአሥሩ አንዷ ብቻ ብትተርፍ 4 ትንኞች ይቀራሉ።
3. እነዚህ 4 ትንኞች እያንዳንዳቸው አንድ ጤነኛ ሰው ይነክሳሉ።
4. ንክሻ ሁሉ ሰውን አያሳምምም። ግማሹ ቢያሳምም 2 አዳዲስ ሕመምተኞች ይኖራሉ።

ስለዚህ አንዱ ሕመምተኛ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። በዚህ ፍጥነት ከአሥር ዙር በኋላ ቁጥሩ ከ1,000 ያልፋል። ወረርሽኝ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን በዚያው መንደር ሰዎች አጎበር መጠቀም ጀመሩና ንክሻ በግማሽ ቀነሰ እንበል። ሕመምተኛውን የሚነክሱት 40 ሳይሆኑ 20 ይሆናሉ። ከ20ዎቹ 2 ይተርፋሉ። የእነዚህ ትንኞች ንክሻም በግማሽ ስለሚቀንስ ወደ ጤነኛ ሰው የሚደርሰው አንድ ንክሻ ብቻ ነው። የማሳመም ዕድሉ ግማሽ ስለሆነ ሁለት ሕመምተኞች ቢኖሩ አንድ አዲስ ሕመምተኛ ብቻ ይገኛል ማለት ነው። 100 ሕመምተኞች ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 12 ይወርዳሉ።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በዚህ ምሳሌ አንድም ትንኝ አልገደልንም። ሁለተኛ፣ ንክሻን በግማሽ ስንቀንስ በሽታው የቀነሰው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። ምክንያቱም ትንኟ ወባን ለማስተላለፍ ሁለት ጊዜ መንከስ አለባት፤ አንዴ ለመውሰድ፣ አንዴ ለመስጠት። አጎበሩ በሁለቱም በር ላይ ይቆማል።

አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ስንት አዳዲስ ሕመምተኞችን ያስከትላል የሚለው ቁጥር የሥርጭት ቁጥር ይባላል። በኮሮና ጊዜ በዜና ሲነገር ሰምተውት ይሆናል። ከ1 በላይ ከሆነ በሽታው ይስፋፋል፣ ከ1 በታች ከሆነ ይከስማል። ሮስ የፈለገው ወሰን ይህ ነበር።

ሮስ የጀመረውን ሌሎች እንዴት አስቀጠሉት?

ሮስ በ1916 እና በ1917 ሂሳቡን ከወባ አልፎ ለማንኛውም ተላላፊ በሽታ እንዲሠራ አድርጎ አሰፋው። በ1917 ያወጣቸውን ጽሑፎች አብራው የጻፈችው ሂልዳ ሃድሰን የተባለች የሂሳብ ሊቅ ናት። ሮስ በ1932 ሞተ።

ከእሱ ጋር በ1901 ወደ ሴራሊዮን ተጉዞ የነበረው ሐኪሙ አንደርሰን ማክኬንድሪክም በዚህ ሐሳብ ተማርኮ ሂሳብ ማጥናት ጀመረ። በ1927 ከዊሊያም ከርማክ ጋር ሆኖ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የወረርሽኝ ሞዴል አሳተመ። ከርማክ ከሦስት ዓመት በፊት በቤተ ሙከራ አደጋ ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር። ሁለቱ ያሳዩት ዋና ነገር፣ ወረርሽኝ የሚቆመው ሰው ሁሉ ከታመመ በኋላ ሳይሆን ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎች ቁጥር ከአንድ ወሰን በታች ሲወርድ መሆኑን ነው። የክትባት ዘመቻ ስሌትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ማንም ባልተከተበበት ቦታ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያሲዝ ይችላል። ከ100 ልጆች 95ቱ እንዲከተቡ የሚፈለገው ለዚህ ነው። የ95ቱ መከተብ ክትባት ለመውሰድ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናትንም ይጠብቃል።

በ1950ዎቹ ደግሞ ጆርጅ ማክዶናልድ የተባለ ሐኪም የሮስን ሂሳብ አሻሻለ። ትልቁ ግኝቱ የትንኟ ዕድሜ ከቁጥሯ ይልቅ ወሳኝ መሆኑ ነው። በየቀኑ ከአሥር ትንኞች አንዷ ብትሞት፣ ከ100 ትንኞች 35 ያህሉ አሥር ቀን ይደርሳሉ። በየቀኑ ከአሥሩ ሦስቱ ቢሞቱ ግን አሥር ቀን የሚደርሱት 3 ያህል ብቻ ናቸው። ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ የምታርፈዋን ትንኝ የሚገድል የቤት ውስጥ ርጭት ይህን ያህል የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ርጭቱ ትንኞችን ሁሉ ባይጨርስም ተውሳኩን ለማሳደግ የሚበቃ ዕድሜ ይነፍጋቸዋል።

ሂሳቡ በኢትዮጵያ ምን ያሳየናል?

የወባ ተውሳክ በትንኟ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ፋልሲፋረም የተባለው ገዳዩ ዓይነት የአየሩ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በታች ሲሆን እድገቱን አይጨርስም። ደጋው ከቆላው የሚለየው በዚህ ነው። በአገራችን ወባ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከበልግ ዝናብ በኋላ ደግሞ አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ።

በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ወባ እንደየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ሕዝቡ ጠንካራ የተፈጥሮ መከላከያ አያዳብርም። ሙቀቱና ዝናቡ በአንድ ላይ ሲገጥሙ የሥርጭት ቁጥሩ በድንገት ከ1 በላይ ይዘላል። በ1958 የደረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። ያ ጥፋት ከደረሰ በኋላ በ1959 አገር አቀፍ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና ከ1,100 በላይ ሞት ተመዝግቧል። በተጨማሪም አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ውስጥ ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ይህቺ ትንኝ በከተማ ውስጥ በርሜልና ሮቶ በመሳሰሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች። ስለዚህ ወባ የገጠር በሽታ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ መቀየር አለበት።

ሂሳቡ የማይነግረን ነገር

ሞዴል ትንቢት አይደለም። ይህን ካደረግን ይህ ሊሆን ይችላል ይላል እንጂ በርግጠኝነት ይህ ይሆናል አይልም። የሮስ ቀመር ሰው ሁሉ እኩል እንደሚነከስ አድርጎ ያስብ ነበር። በእውነቱ ውሃ ያቆረበት አጠገብ የሚኖር፣ ሌሊት እርሻ የሚጠብቅ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ከሌላው በጣም ይበልጥ ይነከሳል። ሮስ ራሱም ወባን መቀነስ ከሆነው በላይ ቀላል አድርጎ አይቶት ነበር።

ሌላው ትምህርት ከሞሪሸስ ይመጣል። ሮስ የሄደባት ደሴት ለአሥርተ ዓመታት ሠርታ በ1973 ከወባ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። በ1975 ከባድ አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ ግን ወባ ተመልሶ ገባ። እንደገና ለማጥፋት ከ20 ዓመት በላይ ወሰደ። ሲሪላንካም በ1963 የወባ ሕመምተኞቿን ወደ 17 ብቻ አውርዳ ነበር። ጥረቱ ሲላላ በ1960ዎቹ መጨረሻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። ዛሬ ሁለቱም አገሮች ከወባ ነፃ ናቸው፤ ይሁንና በድንበሮቻቸው ክትትሉን አላቆሙም። ቁጥሩ ከ1 በታች የሚቆየው ጫና እስካለ ድረስ ነው።

ይህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ምን ማለት ነው?

ከላይ ባየነው ሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ ሰው የሚቆርጠው ቀለበት አለ።

• ሕመምተኛውም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ብዙ ቤተሰብ አጎበሩን ለጤነኞቹ ይተውና የታመመውን ውጭ ያስተኛል። ይሁን እንጂ ትንኟ ተውሳኩን የምትወስደው ከታመመው ነው።
• ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ። ፋልሲፋረም ወደ ትንኝ የሚተላለፍበት መልኩ በደም ውስጥ የሚበዛው ሕመሙ ከጀመረ ከቀናት በኋላ ነው። ቶሎ መታከም እርስዎን ያድናል፣ ጎረቤትዎንም ይጠብቃል። በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በፈጣን መመርመሪያ ይመረምራሉ።
• መድኃኒቱን ይጨርሱ። ኮአርተም ለሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ስለጠፋ ተውሳኩ አልቋል ማለት አይደለም።
• ፕሪማኩዊን ለምን እንደታዘዘልዎ ይወቁ። በፋልሲፋረም ወባ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ዋና ዓላማው ወባው ከእርስዎ ወደ ትንኝ እንዳይሄድ ማድረግ ነው። በቫይቫክስ ወባ ግን በጉበት ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚያገረሸውን ተውሳክ ለማጥፋት ለብዙ ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይሰጣል። ለነፍሰ ጡር ሴቶችና ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም። ሲወስዱ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• ቤትዎ ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን አይለቅልቁ፣ አይምረጉ፣ ቀለም አይቀቡ። ኬሚካሉ ለወራት የሚሠራው ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ነው።
• የውሃ ማጠራቀሚያዎችን ይክደኑ፣ በግቢዎ ያቆረ ውሃን ያፋስሱ ወይም ያዳፍኑ። ይህ በተለይ በከተማ አስፈላጊ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

ጎረቤቶቼ አጎበር ካልተጠቀሙ ትንኞቹ ወደ እነሱ ይሄዳሉ?
የተወሰኑት ሊሄዱ ይችላሉ። ነገር ግን አጎበሩ በኬሚካል የተነከረ ስለሆነ ያረፈችበትን ትንኝ ሊገድላት ይችላል። ብዙ ቤት ሲጠቀም ትንኞች ዕድሜያቸው ስለሚያጥር አጎበር የሌለው ቤትም ይጠቀማል።

ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚበቃ አጎበር ብቻ ካለንስ?
ለእነሱ ቅድሚያ ይስጡ፤ በወባ የመሞት አደጋው በእነሱ ላይ ይከፋል። ለቀሪው ቤተሰብ በአካባቢዎ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይጠይቁ።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ተወላጅ ስለሆንኩ ወባ አይዘኝም?
ይይዝዎታል። ያደጉበት አካባቢ የሰጠዎ ከፊል መከላከያ ቢኖር እንኳ ለዓመታት ሲርቁ ይዳከማል። ወደ ቆላማ አካባቢ ከመሄድዎ በፊት ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪምዎን ያማክሩ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከያዘዎ ወባ ያለበት አገር መሄድዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ትኩሳት ያለበት ሰው ከሚከተሉት አንዱን ካሳየ አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፦

• ራስን መሳት፣ መዘባረቅ ወይም ከእንቅልፍ አለመንቃት
• የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ
• ሕፃኑ ጡት ወይም ውሃ መውሰድ አለመቻሉ፣ የወሰደውን ሁሉ ማስታወክ
• የመተንፈስ ችግር
• የሽንት መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን
• መቀመጥ ወይም መቆም እስኪያቅት መድከም፣ በጣም መገርጣት

ለዚያች እናት ያልሰጠኋት መልስ

ዛሬ ብትመጣ እንዲህ እላታለሁ። «አጎበርሽ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ልጅሽን ነው። ጎረቤት ሰቀለም አልሰቀለ ይህ አይቀርም። ቀጥሎ ደግሞ ከመንደሩ ቁጥር ላይ ይቀንሳል። ወባን ለመግታት መንደሩ በሙሉ ፍጹም መሆን የለበትም፤ ከወሰኑ በታች የሚያወርድ ያህል ቤት ይበቃል። ግማሾቹ ጎረቤቶችሽ ከሰቀሉ መንገዱ ተጀምሯል። አንቺ ብትተዪው ግን ቁጥሩ ወደ ላይ ይመለሳል። እህል የሚሸፍኑበትንም ይህን ንገሪያቸው፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማሉ።»

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የምርመራና የሕክምና ውሳኔ የሚሰጠው እርስዎን ያየ የጤና ባለሙያ ስለሆነ፣ ያለ ምርመራ የወባ መድኃኒት አይውሰዱ፤ የተረፈ መድኃኒትም ለሌላ ሰው አይስጡ።